የተከራይ ብሔሩ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ላይ ድሮ ገነት ነበረች። ቀልዴን አይደለም። ሆለታ «ገነት» ትባል ነበር። አለፍ ሲሉ ኤጀሬ አለች፤ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩባት አስበው «አዲስ ዓለም» ያሏት። ጊንጪን አልፈው 115ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ሲደርሱ አምቦን ያገኟታል፤ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት»። ገነት፣ አዲስ ዓለም፣ ሀገረ ሕይወት! በአንድ መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ተስፋ የደረደረ አገር የት አለ?

ዛሬ አምቦ አምቦ ናት፣ ሆለታም ሆለታ። ይገባቸዋል። ሰው አያቱ በሚጠራው ስም አገሩን ቢጠራ ማን ይከፋዋል? ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሀገረ ሕይወት ስትባልም፣ አምቦ ስትባልም፣ በጭቃ ቤት የተከራየው ሰው ወር በደረሰ ቁጥር የሚጨነቀው ያው በኪራዩ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው። ስለ ከተሞቻችን መለወጥ ስንጨቃጨቅ ሁልጊዜ የምንረሳው እሱን ነውና።

ጭቅጭቁን ታውቁታላችሁ። ሁለት ተረት አለው። አንደኛው «ድሮ ብሔር አይጠየቅም ነበር፤ አሁን ግን ከተማው ተበላሸ» ይላል። ሁለተኛው «ከተማው ለባለቤቱ ተመለሰ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ሁለቱም ግማሹን ይዘው ግማሹን ይደብቁታል። የሚደብቁት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ከከተማው ማን እየወጣ፣ ማንስ እየገባ እንደሆነ የሚወስነው ከደም ይልቅ መሬትና ኪራይ መሆኑን።

«ድሮ ብሔር አይጠየቅም ነበር»

ያደግሁት አምቦ ውስጥ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ግቢ ነው። አምስት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። የመጀመሪያው በር ትንሽ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ቤተሰብ ነበር። ቀጥሎ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ከነልጆቻቸው። ቀጥሎ እኛ፤ እናቴ ጠላ ትሸጣለች። ከእኛ ቀጥሎ ድንጋይ ጠራቢው። መጨረሻ ላይ ጡረተኛው ወታደር። አባቴ የጀልዱ ሰው፣ እናቴ የምንጃር። ለፋሲካም ለአረፋም ሳህን ከበር በር ይዞራል። ልቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ይተከላል፤ የማን ሰው ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ይቀመጣል።

ስለዚህ ናፍቆቱ ይገባኛል። እኔም ይናፍቀኛል። ግን ያ ግቢ በር ነበረው፣ ከበሩ ውጭም ሰው ነበረ።

በገበያ ቀን ከጀልዱ ድንች ጭኖ የሚመጣ ሰው ነበር። አህያውን ደጃችን ያስራል፣ እናቴ አንድ ጣሳ ጠላ ትሰጠዋለች። አማርኛው ይሰባበርበታል። የግቢው ልጆች አነጋገሩን እየደገምን እንስቅበታለን። እኔም ስቄአለሁ። አጎቴ ነበር። አባቴ በአፋን ኦሮሞ ሲያናግረው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አገሩ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያው አጎቴ ፍርድ ቤት ሲቆም ለአስተርጓሚ ከፍሎ ነው። ከሳሹም ተከሳሹም ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ችሎቱ አማርኛ።

እንግዲህ «ብሔር አይጠየቅም ነበር» ስንል ይህን እያስታወስን ይሁን። አዎ፣ አይጠየቅም ነበር፤ የማይጠየቀው ግን መልሱ ቀድሞ ስለተወሰነ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። የጦር አለቃ ከነሠራዊቱ የከተተበት፣ የሰፈረበት ቦታ። በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሌላው ደቡብና ምዕራብ አገር ብዙ ከተሞች በዚህ መልክ ነው የበቀሉት። ዙሪያው ገባር፣ መሐሉ መልከኛ። የከተማው ፍቅር እውነት ነበር፤ የተነጠፈው ግን በዚህ ወለል ላይ ነው። ወለሉን ሳያዩ ምንጣፉን ብቻ ማወደስ ደግ አይደለም።

የአምቦ ናፋቂዎች ሁልጊዜ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ይጠሩልናል። ቦዳ የተወለደ፣ አምቦ የተማረ፣ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር ሰው፣ በአማርኛ ላይ የነገሠ። «አያችሁ፣ አምቦ እንዲህ ነበረች!» ይሉናል። ነበረች። ግን አንድ ጸጋዬ በወጣበት ዘመን ስንት የጀልዱ ልጅ በቋንቋው ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ተመለሰ? ይህንን ሳይጠይቁ ጸጋዬን ግድግዳ ላይ መስቀል ፎቶ መስቀል ብቻ ነው።

«ከተማው ለባለቤቱ ተመለሰ»

ወደ ሁለተኛው ተረት እንምጣ። ይህኛው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ሃጫሉ ሁንዴሳን ነው። አምቦ ተወልዶ፣ ከብት ጠብቆ አድጎ፣ በ17 ዓመቱ ታስሮ ወደ 5 ዓመት እዚያው አምቦ ወህኒ ቤት የቆየ፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 በአዲስ አበባ ተገድሎ አምቦ የተቀበረ። የሃጫሉ አምቦ ድምፅዋን ዝቅ ያላደረገች አምቦ ናት። አጎቴ ያን ቀን ቢኖር፣ ቢሮ ገብቶ በአፉ ሲናገር ጸሐፊዋ ያለ አስተርጓሚ ስትጽፍለት ቢያይ፣ ያለቅስ ነበር። ይህን ለውጥ የሚያንቋሽሽ ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። ወደ ኋላ እንመለስ የሚለኝንም አልሰማውም።

ግን «ባለቤቱ» ማነው? ጥያቄዬ ይህች ናት።

ደሙ የፈሰሰው ለምን እንደነበር አንርሳ። ሚያዝያ 2006 የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የከተማው ወጣቶች ወደ መንገድ የወጡት የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም ነበር። ተተኮሰባቸው። ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ነገሩ እንደገና የተነሣው በኳስ ሜዳና በደን ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ኦሮሚያን አዳረሰ። ጥር 2008 መንግሥት ፕላኑን ሰርዣለሁ አለ። ሁሉም ሲጠቀለል ጥያቄው የመሬት ጥያቄ ነበር። ከተማ ሲሰፋ ገበሬው የት ይሄዳል? ለከተማው ምግብ ሲያመርት የኖረው ሰው ለምን የከተማው ዘበኛ ይሆናል?

ታዲያ መልሱ መጣ? በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች በአንዱ ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ጤፍ ያመርቱበት የነበረው መሬት ወደ ከተማ ክልል ገባና ተወሰደ። የ2011 ዓ.ም. ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1161፣ በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 አባዝታችሁ ክፈሉ ይላል። ከቀድሞው ሕግ ይሻላል፤ አልክድም። ሽማግሌውም ተከፈላቸው። ለአንዱ ልጅ ባጃጅ ተገዛ፣ ለሌላው ሰርግ ተደገሰ፣ ቀሪውን የኑሮ ውድነት በላው። 15 ዓመት ሳይሞላ ብሩ አለቀ። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ሕንፃ ይጠብቃሉ። ሕንፃው የቆመው ድሮ በሚያርሱት ማሳ አጠገብ ነው።

የማንሻ ደብዳቤው የመጣላቸው በአፋን ኦሮሞ ነበር። በቁቤ፣ በጥሩ ሰዋስው። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ በራስህ ቋንቋ የተጻፈልህ የመፈናቀያ ደብዳቤ ከመፈናቀል አይቆጠርም?

ታዲያ የሚለወጠው ምንድን ነው?

እስቲ ከስሜት ወጥተን አሠራሩን እንይ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የእኛ ግቢ የቀበሌ የሆነው በዚህ ነው። ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር ማለት ይቻላል፤ ይገባዋልም። ግን ጠላ ሻጭ፣ ሸማኔና ድንጋይ ጠራቢ በከተማው መሐል 40 ዓመት መኖር የቻሉት ፍቅር ስለነበረ ብቻ አይደለም። ኪራዩ ርካሽ ስለነበረ ነው! አብሮ መኖራችን የቆመው በጥቂት ብር ደረሰኝ ላይ ነበር።

ከዚያ በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 ደግሞ ጠበቀ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀረ፤ ዋጋው ግን የጨረታ ሆነ። በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቦታ በሙሉ አዲስ ዓይን ወደቀበት። የጭቃ ቤቶቹ በነበሩበት የባንክ ቅርንጫፍ፣ ፋርማሲ፣ ሆቴል ተደረደረ። በ1939 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በሺህ የሚቆጠር ተማሪና ሠራተኛ ከተማው ውስጥ ክፍል ፈለገ። ይህ በረከት ነው፤ ግን ለአከራይ ነው በረከቱ። በርሜል ጠላ ከምታስቀምጥ ሴት ይልቅ ደመወዝተኛ ተመራጭ ሆነ። ከገጠር በግጭት የተፈናቀለውም መጥቶ የሚገባው እዚያው ርካሹ ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ገብቷል።

በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሩት ግላስ የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር የለንደን ሠራተኛ ሰፈሮች በባለ ገንዘብ ሲያዙ አይታ ለነገሩ ስም ሰጠችው፤ «ጀንትሪፊኬሽን» አለችው። የእኛ ከዚያ በአንድ ነገር ይለያል። እዚያ ገበያው ያፈናቅላል፤ መንግሥት ቆሞ ያያል። እዚህ መሬቱን የሚሸነሽነው፣ የሚያጫርተውና የሚያፈርሰው ያው መንግሥት ነው። ስለዚህ «ምን ይደረግ፣ ገበያ ነው» ማለት አይቻልም። ፊርማ አለበት።

በዚህ ሁሉ መሐል ከፍ ሲል ሁለት ዓይነት ሰው ሕጉ በከፊልም ቢሆን ያውቀዋል። ባለይዞታው ካሣ አለው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ከግለሰብ የተከራየውስ? በደባልነት የገባውስ? ለእሱ የመፍረስ ካሣ የለውም፣ ምትክ የለውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቢያንስ የ2 ዓመት ውል ይላል፤ ቤቱ ሲፈርስ ግን ውሉም አብሮ ይፈርሳል። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይወጣል። ኦሮሞም ይሁን፣ አማራ፣ ጉራጌም ይሁን ጋሞ። መዝገብ ላይ ስላልነበረ መውጣቱም አይመዘገብም።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር ላንሣ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ አምቦ 27,636 ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 48,171። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ተቆጥራ አታውቅም። ቆጠራው እየተላለፈ እየተላለፈ ይኸው። እንግዲህ «እነ እገሌ ከተማውን ሞሉት»፣ «እነ እገሌ ከከተማው ጠፉ» እያለ የሚምል ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በእጁ የያዘው ስሜቱን ብቻ ነው።

የጨረቃ ቤት

ከመሐል ከተማ የወጣው ተከራይ የት ይሄዳል? ወደ ዳር ነዋ። ዳር ላይ ማን አለ? መሬቱ «ነገ ይወሰዳል» የተባለ ገበሬ። ገበሬው በካሣ ሳይወሰድበት በፊት ከማሳው ቆርሶ ያለ ካርታ ይሸጣል፣ ወይም ሁለት ክፍል ሠርቶ ያከራያል። ቤቱ በአንድ ሌሊት ይቆማል። የጨረቃ ቤት እንለዋለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ከመሐል የተገፋውና በዳር የሚገፋው፣ በከተማችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኩል ዓይን የሚተያዩት እዚያ ጨረቃ ሥር ነው። ሁለቱም የተስማሙት ከተማው ለሁለቱም ቦታ ስላላዘጋጀ ነው።

ከዚያ ማፍረሻው ይመጣል። በ2015 በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሸገር ከተማ፣ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ያየነው ይህንን ነው። አገር ሙሉ የተከራከረው «የማን ብሔር ቤት ፈረሰ?» እያለ ነበር። ለምን ይህን ያህል ሕዝብ ካርታ በሌለው ቤት ውስጥ መኖር ግድ ሆነበት ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። ሲፈርስ ደግሞ ተከራዩ «ገበሬው አታለለኝ» ይላል፤ ገበሬው «መጤው መሬቴን ጨረሰው» ይላል። ዶዘሩን የላከው ክፍል በሰላም ወደ ቢሮው ይመለሳል።

«መጤ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ ይዞ የመጣ መጤ ኢንቨስተር ይባላል። ሪባን ይቆረጥለታል፣ ካባ ይደረብለታል። ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ መጤ ግን መጤ ነው። ብሔራቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ቃሉ የሚለየው በኪስ ነው።

«ደግሞ ጀመርክ፣ መደብ መደብ»

የሚሰነዘርብኝን አውቃለሁ። «የኦሮሞን ጥያቄ በደሃ ጥያቄ ልትሸፍን ነው» የሚለኝ አለ። «ሰው በማንነቱ ሲሳደድ አንተ ስለ ኪራይ ታወራለህ» የሚለኝም አለ። ሁለቱም ወንድሞቼ ናቸውና መልስ ይገባቸዋል።

ለመጀመሪያው፦ የአጎቴን ሰባራ አማርኛና የአባቴን ዝቅ ያለ ድምፅ አልረሳሁም። ያ ውርደት የመደብ ብቻ አልነበረም፤ ሀብታም ኦሮሞም ቀምሶታል። ግን የአጎቴ ጥያቄ በቋንቋው ተነጋግሮ መኖር ብቻ ነበር እንዴ? መሬቱስ? ቋንቋውን መልሰን መሬቱን ከወሰድንበት ከጥያቄው ግማሹን ነው የመለስነው። እሱም መሬቱ እስኪወሰድ ድረስ ማዘናጊያ ይሆናል።

ለሁለተኛው፦ አዎ፣ በማንነታቸው ምክንያት የተገደሉ፣ ሱቃቸው የተቃጠለ፣ አገር ጥለው የሄዱ አሉ። ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች የሆነውን ማንም በኪራይ ሊያብራራው አይችልም፤ ወንጀል ነው። ግን ያኔም ቢሆን ማን እንዴት እንደወጣ አስታውሱ። ያለው በመኪናው ወጣ፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሱቅ ከፈተ። የሌለው ጎረቤቱ ቤት አልጋ ሥር አደረ። የደበቀው ጎረቤትም ብዙ ጊዜ የሌላ ብሔር ሰው፣ እንደሱው የሌለው ነበር። ደሃ ለደሃ መደበቂያ የሚሆነው ግን ጎን ለጎን ሲኖር ነው። ግቢውን ስናፈርስ የምናፈርሰው ይህንንም ነው።

ምን ይደረግ?

ማልቀስ ብቻ አልወድም። የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ተከራይም ይመዝገብ፤ ባለካርታ ብቻ አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ምትክ ቤት ሲሰጥ በዚያው አካባቢ ይሁን። ጠላ ሻጭ 10 ኪሎ ሜትር ርቃ ጠላ አትሸጥም፤ ደንበኛዋ እግረኛ ነው። ሦስተኛ፣ የዳር ገበሬ በብር ብቻ አይሸኝ። ማሳው ላይ በሚበቅለው ገበያ ውስጥ ሱቅ፣ በሚቆመው ሕንፃ ውስጥ ድርሻ ይኑረው። ተነሺው የራሱን ቦታ ለማልማት ቅድሚያ አለው ብሎ አዋጅ 1161 ራሱ ጽፎታል፤ ገንዘብም ብድርም የሌለው ሰው በዚያ መብት ምን ያደርጋል?

አራተኛው ትንሽ ይመስላል። በየቢሮው መስኮት አስተርጓሚ ይቀመጥ። የድሮው ግቢያችን የሸማኔው ባለቤት ዛሬ አሮጊት ናቸው፤ ቁቤ ማንበብ አይችሉም። ጉዳይ ሲኖራቸው የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ይዘው ይሄዳሉ። የሳቸው ችግርና የአጎቴ ችግር እኩል ነው አልልም፤ ከአንዱ ጀርባ መቶ ዓመት አለ። ግን ለአስተርጓሚ መክፈል ምን እንደሚመስል ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። ያየነውን በሰው ላይ እንድገመው?

ግቢያችን ዛሬ የለም። ጉራጌዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ድንጋይ ጠራቢው፣ የአምቦ ድንጋይ ለስንቱ የአዲስ አበባ ቪላ ግድግዳ ሲጠርቡ ኖረው፣ በልጃቸው የጨረቃ ቤት ሞቱ። እናቴም የለች። የቀረው እድሩ ነው። የእድሩ መዝገብ ወፍራም ደብተር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በአማርኛ፣ የኋለኞቹ በቁቤ ተጽፈዋል። ስሞቹ ግን ብዙዎቹ ያው ናቸው።

ሰፈሩ ሲነሣ እድሩ ተሰብስቦ ነበር። ይበተን ያሉ ነበሩ፤ ሰዉ በየዳሩ ተበትኗል፣ ማን ለቀብር ይመጣል ብለው። አንድ እናት ተነሥተው በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ፤ ጸሐፊው ለሌሎቹ በአማርኛ ደገመው። «የወጣው ሁሉ ይክፈል፣ የከፈለው ሁሉ ይቀበር» ነው ያሉት። ተጨበጨበ፣ ተጻፈ። እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ድንኳኑ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል።

የወጣነውን ሁሉ በስማችን የሚያውቀን ያ ደብተር ብቻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ ይክፈት።